ገብስ፣ ሳር፣ ቦሎቄ

ጥር 9፣ ጠዋት 3 ሰ.

የበቆሎውን አገዳ መንቀሉን ቀጠልኩ። አገዳ ማለት ማጋነን ነው። ከጉልበቴ አያልፍም፤ አብዛኛው ፍሬ ሳይዝ ደርቋል። ማጭድ አላስፈለገም፣ በእጅ ሳብ ሲያደርጉት ይመጣል። ሥሩ አጭር፣ ጠቆር ያለ። መሬቱ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል፣ ዱቄት የተደፋበት ይመስላል። የጎረቤት ላም አጥር ጥሳ ገብታ እሱን ስትልስ አገኘኋት። በቆሎውን ዞር ብላም አላየችው።

ደብተሬ፣ ይህ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አምና ቀበሌው ኖራ ሲያድል እኔም ወስጄ በትኛለሁ። እዚህ አገር ዝናብ ስለሚበዛ አፈሩ ይኮመጥጣል፣ ለኮመጠጠ አፈር ደግሞ መድኃኒቱ ኖራ ነው ይላሉ። ለጎረቤቶቼ ሠራላቸው። ለእኔ አልሠራም። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ከሰዓት ሚዛን ከተማ ገባሁ። የአንዱ ሚኒባስ ሹፌር ለቅሶ ሄዷል፣ ቴፒ ደርሼ እንድመለስለት ለምኖኛል። ሄድኩ። ወገቤ አመመኝ። መሪ ስይዝ ግን ስለ መሬቱ አላስብም፤ ይህ አንድ ጥቅሙ ነው።

ጥር 14

መሬቱን ላስረዳህ፣ አንተ አላየኸውም።

ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ቁልቁል ይወርዳል። አናቱ ላይ ሆራው አለ፤ ከብት የሚወደው ጨዋማ ምንጭ። ከሆራው በታች የእኔ ማሳ። ከእኔ በታች የአስካለ። ከአስካለ በታች ወንዙ።

አስካለ ሚስቴ ነበረች። ስንለያይ መሬቱ እኩል ተከፈለ። ጋሽ ጴጥሮስ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለት ብጣሽ ወረቀት ባርኔጣቸው ውስጥ ጨምረው ዕጣ አወጡልን። ላይኛው ደረሰኝ። ልጅ አልነበረንም፣ ሌላ የሚከፈል ነገርም ብዙ አልነበረም። ያኔ ላይኛው በሙሉ ሳር ነበር። አርሰነው አናውቅም። ለምን እንዳላረስነው አልጠየቅኩም። ሹፌር ነበርኩ፤ የማውቀው መንገድ ነው።

በመንገዱ በኩል ያለችው ቀጭን ቁራጭ ብቻ ደህና ናት። ከመንገዱ የሚወርደው የዝናብ ውሃ በየዓመቱ ስለሚያጥባት ይሆናል። እዚያ በቆሎው ሰው ያክላል። የምበላው ከእሷ ነው።

ጥር 17፣ ከቀኑ 10 ሰ.

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጣች። ብርቱካን ትባላለች። ወጣት ናት፣ ቦት ጫማዋ ከእግሯ ይሰፋል። ኖራ ያልሠራበትን ማሳ ማየት ፈልጌ ነው አለች። እስከዛሬ ማየት የፈለገ አልነበረም።

ከሦስት ቦታ አፈር ቆፈረች። በጠርሙስ ካመጣችው ውሃ ጋር በጠበጠችው፣ ጫፉ ብረት የሆነ ትንሽ መሣሪያ ነከረችበት። ቁጥሩን አየች። መሣሪያውን አጥባ እንደገና ነከረች። ተበላሽቷል ብላ ነው መሰለኝ። ከመንገዱ ዳር ካለችው ቁራጬ አፈር አመጣችና ሞከረች። መሣሪያው ደህና ነበር።

አፈሬ አልኮመጠጠም። ጨው ነው። የሆራው ውሃ ከመሬት በታች ሰርጎ ማሳዬ ሥር ይተኛል። በበጋ ፀሐይ ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ኖራ ለዚህ ምንም አያደርግም። ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ ይህን እኔ በትምህርት ቤት ነው የማውቀው» አለች። «በእጄ ነክቼው አላውቅም።»

እንዲህ የሚል ባለሙያ አይቼ አላውቅም። ደስ አለኝ ወይስ ከፋኝ፣ አልለየሁትም። አብራት የተማረች ጓደኛዋ አፋር ውስጥ የመስኖ እርሻ ላይ ትሠራለች። እዚያ ጨው የየቀኑ ጉዳይ ነው። ደውዬ እጠይቃታለሁ ብላ ሄደች።

ጥር 26

ብርቱካን ተመለሰች። የደጃፌ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ረጅም ሰዓት ተነጋገርን። እንዳልረሳው እጽፈዋለሁ።

ቦሎቄ ጨው አይችልም፣ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው። በቆሎም አይችልም፤ ይህን እኔም አይቻለሁ። ጎደሬና ቡና አይሞከርም። ቀይ ስርና ቆስጣ ካደጉ በኋላ ይችላሉ፣ ሲበቅሉ ግን ስስ ናቸው። ገብስ ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚችለው ሮደስ የሚሉት ሳር ነው፤ ሥሩ ጠልቆ ይወርዳል፣ መሬቱን ስለሚሸፍን ፀሐይ ጨውን እንዳትስብ ያደርጋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ የበልጉ ዝናብ መሬቱን ይጠበው። ከዚያ ገብስ። ገብሱ ሲነሳ ሳር፣ ሁለት ዓመት። ከዚያ በአንድ ጥግ ቦሎቄ ይሞከር። ከወጣ መሬቱ ድኗል ማለት ነው። ካልወጣ እንደገና ሳር።

ተከራከርኩ። ቦሎቄ መሬት ያለማል ይባል የለ፣ በእሱ ብንጀምርስ? ለማልማት መጀመሪያ መብቀል አለበት አለች። ለዘላለም ሳር ላድርገውስ? ይቻላል፣ ላም ካለህ። የለኝም። በማዳበሪያ በቆሎ ብደግመውስ? የነቀልኩትን አገዳ በአገጯ አሳየችኝ። ይህ መልስ ነው።

አንድ ነገር ግን የግድ ነው። ጨውን አጥቦ የሚወርደው ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ካልወጣ እዚያው ተኝቶ እንደገና ይነሳል። ቦይ ካልተቆፈረ ገብስም ሳርም ከንቱ ነው። መንገዱ ሁለት ነው። አጭሩ ቀጥ ብሎ ቁልቁል በአስካለ መሬት አልፎ ወንዙ ይገባል። ረጅሙ በእኔው መሬት ተጠማዞ ከመንገዱ ዝቅ ወዳለው የጎርፍ መውረጃ ይወጣል፤ ግን ጥልቅና ሰፊ መሆን ስላለበት ያቺን ደህና ቁራጬን ይበላታል።

አጭሩን መረጥኩ። ብርቱካን ቁልቁል ወደ አስካለ መሬት አየች።

የካቲት 1፣ ቴፒ

ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ መኪናው እስከ አፉ ሞልቶ መጣሁ። ሁሴን መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀኝ። ድሮ አብረን የነዳን ነው፤ አሁን ሁለተኛ ሚኒባስ ገዝቷል። ሁልጊዜ የሚነዳለት ሰው ይፈልጋል። ቴፒ ቤት ይሰጠኛል። ወገብህ ከመቆፈር መንዳት ይሻለዋል አለኝ። ልክ ነው።

እንዳስብበት ጊዜ ጠየቅኩት። ቸግሮኝ ያልኩ መስሎት ምግብ ጋበዘኝ።

እየነዳሁ ስመለስ አሰብኩ። ገብስ፣ ሳር፣ ሳር፣ ቦሎቄ። ይህን ሁሉ ቆጥሬ ስጨርስ ስልሳ ዓመት ልደፍን ትንሽ ይቀረኛል። እሱም ከሠራ ነው። መሬቱን ለአንዱ አከራይቼ ልሂድ ብል ማን ይከራየዋል።

የካቲት 4

ጋሽ ጴጥሮስ በጠዋት መጡ። የብርቱካንን ነገር ሰምተዋል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

የመጡት ሌላ ነገር ይዘው ነው። ክፍፍሉ እንደገና ይታይ ይላሉ። እኩል ነው ብለን የከፈልነው በስፋት ነው፤ አንዱ ጨው ከሆነ እኩል አይደለም። የባለሙያዋ ቃል አለ። ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ፣ ፍርድ ቤትም ቢሄድ ያስኬዳል። ዕጣውን ያወጡት እሳቸው ስለሆኑ ከብዷቸዋል። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን እያሻሹ ነው የሚናገሩት።

የአስካለን መሬት ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ጎደሬው ጥቅጥቅ ብሏል። ሙዙ። በጥላው ሥር አምና የተከለቻቸው የቡና ችግኞች። ግማሹን ይሰጡኛል ማለት ነው። በሕግም በሽምግልናም አገኛለሁ።

እስቲ ላስብበት አልኳቸው። በዚህ ሳምንት ለሁለት ሰው ያልኩት ይህንኑ ነው።

የካቲት 6፣ ከሰዓት

ስለ ቦዩ ልጠይቃት ወደ አስካለ ወረድኩ። ችግኝ ስር ስታርም ነበር። ቀና አላለችም።

ከተለያየን ወዲህ «እርስዎ» ነው የምትለኝ። በፊት ለነገር ነበር፣ አሁን ልማድ ሆኗል። ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ምን ፈልገው ነው። መሬት ልካፈል የመጣሁ መስሏታል። ጋሽ ጴጥሮስ ለእኔ ከመናገራቸው በፊት ለእሷ ነግረዋታል። እኔ ስለ ቦይ ሳወራ እሷ ስለ ችግኞቿ ትመልሳለች። ለመግባባት ጊዜ ወሰደብን።

ሲገባት ባሰባት። ያንተ ጨው በእኔ ጎደሬ መሃል ሊያልፍ ነው ማለት ነው አለች፤ በእርግጥ ያለችው «የእርስዎ ጨው» ነው። ቦዩ ቢያፈስስ? ዝናብ ሞልቶ ቢፈስስ?  አይሆንም አለች።

ልክ ናት። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እምቢ እላለሁ። እንዲህ ብዬ አልነገርኳትም።

የካቲት 8

ምንም አልሠራሁም። ሰማዩ ጠራ። ነጩ ነገር ጨምሯል።

የካቲት 12፣ ጠዋት

አስካለ ወደ ማሳዬ ወጣች። ከክፍፍሉ ወዲህ ድንበሩን አልፋ አታውቅም። ሰላምታ ሰጥታኝ ወደ መሃል ገባች። ጎንበስ ብላ ነጩን በጣቷ አንስታ ቀመሰችው። ተፋችው። ከዚያ ወደ ሆራው አጠገብ ወዳለው ጥግ ሄዳ ቆመች።

የተናገረችውን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ «እርስዎ» ማለቱን ትታዋለች።

«ከተጋባን በመጀመሪያው ክረምት እዚህ ጥግ ላይ ጎመን ተክዬ ነበር። ተቃጠለ። አንተ ቴፒ ነበርክ። ስትመጣ ነገርኩህ፣ እሺ ብለህ ተኛህ። ዕጣው ሲወጣ ላይኛው እንዳይደርሰኝ ስጸልይ ነበር። ለአንተ ደረሰህ። ደስ አለኝ።»

ጎመኑን አላስታውሰውም። ለማስታወስ ሞከርኩ። ንዴት ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። የመጣው ድካም ነው።

ክፍፍሉን እንደማላነሳ ነገርኳት። ይህን ከመናገሬ በፊት እንደወሰንኩት አላውቅም ነበር። ችግኞቹ ያንቺ ናቸው፣ ለጋሽ ጴጥሮስም እነግራቸዋለሁ አልኩ። እሷም ድንበሩ ድረስ ወርዳ ጎደሬዋን አየች። በኋላ ቦዩን በዳር በዳር፣ በጎደሬው መጨረሻ በኩል እንድቆፍር ፈቀደች። መሃል አይገባም። በድንጋይ ይደገፋል።

«ጎደሬዬን ከነካው ግን እደፍነዋለሁ» አለች። «ሽማግሌ አልጠራም፣ አንተንም አልጠይቅም።»

እሺ አልኳት።

የካቲት 19

ቁፋሮ። ዶማና አካፋ። በጠዋት እጀምራለሁ፣ ፀሐይ ስትበረታ አቆማለሁ፣ ሲበርድ እቀጥላለሁ። የላይኛው አፈር ይፈርሳል፣ ሥሩ ጭቃ ነው፣ በዚህ በጋ። ውሃው ያን ያህል ቅርብ ነው። ብርቱካን ሁለት ጊዜ መጥታ ቁልቁለቱን በውሃ ልክ አየችልኝ። አንድ ቦታ ወደ ላይ እየቆፈርኩ ነበር።

ድንጋዩን ከወንዙ በኩል አመጣሁ። አስካለ በአጠገቤ ታልፋለች። አንድ ቀን የውሃ ጀሪካን ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ጠጣሁ፣ ጀሪካኑን መለስኩ።

የካቲት 25

ሁሴን ደወለ። ሌላ ሰው ቀጥሯል። ስትዘገይ መልስህ መሰለኝ አለ። ቅሬታ የለውም፣ እኔም የለኝም። ሲደውል ዶማ ይዤ ነበር። ጥሪው ሲያልቅ መቆፈሬን ቀጠልኩ። ከዚህ ወዲያ በገበያ ቀን ብቻ የሰው መኪና እየተካሁ እኖራለሁ ማለት ነው። እንደነበረው።

ደብተሬ፣ እንደመረጥኩ ሆኜ ልጻፍልህ ፈለግኩ። ግን የመረጠው ጊዜው ነው።

መጋቢት 5

ዝናብ። ለሦስት ቀን አላቋረጠም። መንገዱ ጭቃ ሆኗል፣ ባጃጅ አይወጣም። ቦዩ ውስጥ ውሃ ወረደ፤ መጀመሪያ ድፍርስ፣ ከዚያ ጠራ። በጣቴ ቀመስኩት። ጨው ነው። ከመሬቴ እየወጣ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ አየሁት። ዣንጥላ አልያዝኩም ነበር።

በመንገዱ ዳር ቁራጭ ላይ በቆሎ ዘራሁ። የዓመቱ ቀለቤ።

መጋቢት 22

ነጩ ጠፍቷል። ብርቱካን መሣሪያዋን ነከረች፣ ቁጥሩ ወርዷል፤ ለቦሎቄ ገና ነው፣ ለገብስ ይሆናል። ዘሩን ጌጫ ካሉ ገበሬዎች ነው ያስመጣችልኝ። እዚያ ደጋ ነው፤ የጌጫ ገብስ በእኛ ሙቀት እንዴት እንደሚሆን እርግጠኛ አይደለችም። ይህንንም በግልጽ ነገረችኝ።

የገብስ ዘር በእጄ ይዤ አላውቅም። ቀላል ነው። ጥቅጥቅ አድርገህ ዝራ፣ ሁሉም አይበቅልም አለችኝ። ዘራሁ። የሚያልፉት ሰዎች ቆመው ጠየቁ። አንዱ የቤንች ሰው፣ አማርኛው የእኔን ያህል ቶሎ የማይሄድለት፣ በዚህ ሰፈር ገብስ ሲዘራ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። እኔም አላየሁም አልኩት።

ሚያዝያ 6

በቅሏል። በየቦታው። እንደ ሰው ፂም ነው፣ አንድ ጉንጭ ላይ ይበዛል፣ ሌላው ላይ የለም። ሆራው አጠገብ ባዶ ነው። ከመሃል ወደ ታች ግን አረንጓዴ ነው። ዛሬ ሦስት ጊዜ ወጥቼ አየሁት። በአራተኛው ራሴን ታዘብኩና ተመለስኩ።

ሚያዝያ 24

ገብሱ ቁርጭምጭሚቴን አልፏል። በቆሎዬ ደግሞ ወገቤ ደርሷል፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ። ጋሽ ጴጥሮስ አልፈው አዩት። ስለ ክፍፍሉ አላነሱም፣ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆዩ።

ትናንት ማታ ከባድ ዝናብ ነበር። ቦዩ ሞልቶ ወደ አስካለ በኩል በአንድ ቦታ ፈስሷል። ድንጋይ ጨመርኩበት።

ግንቦት 3፣ ጠዋት 2 ሰ.

ቦዩ ተደፍኗል።

ከድንበሩ ጀምሮ፣ በጎደሬው ዳር ባለው ርዝመት ሁሉ። አፈሩ ተረግጧል። የአካፋ ሥራ ነው፣ ጥሩ ሥራ። ድንጋዮቹ ወደ እኔ በኩል ተደርድረው ተቀምጠዋል። ውሃው በገብሱ ታችኛው ጫፍ ላይ ተኝቷል። ጥቂት ቀን ከቆየ ገብሱ ይሞታል።

አስካለ ቤቷ ደጃፍ ላይ ነበረች። አየችኝ። ወደ ቤት አልገባችም። ማድረግ ያለባትን አድርጋለች፣ ቆማ ልትመልስልኝ ነው። ወደ እሷ አልሄድኩም። ወደ ጎደሬው ሄድኩ።

በቦዩ በኩል ያሉት ሁለት ረድፎች ቅጠላቸው ጫፍ ጫፉ ተቃጥሏል። ቡናማ ነው፣ እሳት ዳር የቆየ ይመስላል። ሦስተኛው ረድፍ ገና ነው። ችግኞቹ ጋ አልደረሰም። ሳምንት ቢቆይ ይደርስ ነበር።

ግንቦት 3፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ጋሽ ጴጥሮስ ሰምተው መጡ። ፈቅዳ መድፈን አትችልም፣ እንጥራት አሉ። እንዳይጠሯት ብዬ ለመንኳቸው። ቃሏ ይኸው ነበር። እኔም እሺ ብዬ ነበር።

ታዲያ ምን ልታደርግ ነው አሉ። በቆሎውን አየሁት። እሳቸውም አዩት። እሳቸው ቀድመውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ቀለብህ ነው አሉ። አዎ ነው።

ረጅሙ መንገድ ከመጀመሪያውም ነበረ።

ግንቦት 4

በቆሎ ማጨድ። በገጀራ። ወገብ የሚያህል፣ እሸት ሊሆን ጊዜ የቀረው። ሲቆረጥ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ሽታው ጣፋጭ ነው። ረድፉን ስጨርስ ዞሬ አላየሁትም። ወደ ኋላ ማየት ለሹፌርም ጥሩ አይደለም፤ ግን ዛሬ ምክንያቱ ሌላ ነው።

ጥቂት ረድፍ ከመንገዱ ጥግ ይተርፍ ይሆናል። የቀረው ቦታ ለቦዩና ከቦዩ ለሚወጣው አፈር ነው።

ማታ ወገቤ አላስተኛ አለኝ። ቁጭ ብዬ የዓመቱን አሰብኩ። ገበያ ቀን መንዳት ይጨምር ይሆናል። ጓሮው ላይ ጎመን። ሌላ አልመጣልኝም። በዚህ ላይ መከፋት ያለብኝ ይመስለኛል። መከፋቱ አለ፣ ግን ሩቅ ነው፣ የሌላ ሰው ቤት ውስጥ እንደሚሰማ ለቅሶ።

ግንቦት 8

ቦዩ ወደ መንገዱ ደረሰ። ብርቱካን አብራኝ ቆመች። የመጨረሻውን አፈር ስከፍት ውሃው ቀስ ብሎ ዞረ፣ ከዚያ ሄደ። ገብሱ ውስጥ የተኛው መጉደል ጀመረ። ታችኛው ጫፍ ቢጫ ሆኗል፤ ያገግማል፣ አያገግምም፣ ብርቱካን አታውቅም። ላይኛው ደህና ነው።

የሳሩን ዘር መቼ እንደምታመጣልኝ ተነጋገርን። ገብሱ እንደተነሳ። ክረምቱ ሳያልቅ።

ግንቦት 10፣ ከቀኑ 11 ሰ.

የታጨደው በቆሎ ድንበሩ አጠገብ ተከምሯል። ሳይሻግት ለከብት ቢሆን ብዬ ነው። አስካለ ሁለት ላሞች አሏት። ውሰጂው ብዬ አላልኩም፣ ግን የከመርኩት እሷ በምታየው በኩል ነው።

ከሰዓት መጣች። ማጭድና ገመድ ይዛለች። አገዳውን ማሰር ጀመረች። እኔም ማሰር ጀመርኩ።  ሥራ ላይ ስንሆን ድሮም አንናገርም ነበር።

ሦስተኛውን ነዶ ስታስር፣ ይህ ሁሉ በቆሎ የታጨደው በእኔ ጎደሬ ምክንያት ነው ወይ አለች። በጨው ምክንያት ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ተመልሳ አሰረች።

ገብሱ ሲነሳ ምን እንደምዘራ ጠየቀች። ሳር አልኩ። ከዚያስ? አሁንም ሳር። ከዚያስ? ቦሎቄ፣ ከወጣ። ካልወጣስ? ሳር። ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ትበላለህ አለች። አላውቅም አልኳት። እውነቱ ስለሆነ ቀላል ነበር።

ነዶውን ሳትሸከም ቆመች። ወደ ጎደሬዋ ዳር ታያለች። የተቃጠሉትን ሁለት ረድፎች ነቅላቸዋለች፣ ባዶው መሬት ላይ ዛሬ ፀሐይ ወጥታበት ቀጭን ነጭ መስመር ተነስቷል። እኔም አየሁት።

«ሳሩን ስትዘራ የእኔን ዳር ጨምረህ ዝራው» አለች። «ጎደሬ እዚያ አይመለስም። ላሞቹ ይበሉታል፤ ወተት አንተም ትወስዳለህ።»

የት ድረስ እንደሆነ እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። የነዶውን ገመድ ፈትታ አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ። እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ ይዘን ለካን። ችካል አጣን። የበቆሎ አገዳ ተከልን።

ገመዱ በድንበሩ ድንጋይ ላይ አልፏል። ማናችንም አላነሳነውም።

ለእኔ ታስቦ የነበረው ዘር አይበቃም። ነገ በጠዋት ብርቱካን ጋ እሄዳለሁ፤ ለሁለቱም ማሳ የሚበቃ ነው የምጠይቃት።